እርድ፦ ቅባት የሚወድ፣ ፀሐይ የማይችል ቀለም

ነጭ ነጠላ ላይ የአልጫ ወጥ ጠብ ብሎበት በሳሙና ያጠበ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ ቢጫው ነጥብ ሳሙናው ሲነካው ደም መስሎ ይቀላል። ብዙ ሰው ያኔ ይደነግጥና አጥብቆ ያሸዋል። ማሸት አይጠቅምም። ሳሙናውን በደንብ አለቅልቆ፣ ነጠላውን እርጥቡን የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ካልጠፋ በማግስቱ አርጥቦ መድገም ነው፤ ነጥቡ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ጨርሶ ይለቃል። ስለ እርድ ማወቅ ከሚገባን ነገር ግማሹ እዚህ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አለ፦ ቀለሙ በውሃ አይሟሟም፣ ሳሙና ይለውጠዋል፣ ፀሐይ ይገድለዋል። ፊት ላይ ሲቀባም ሆነ በካፕሱል ሲዋጥ ጠባዩ ያው ነው። ሰው ለእርድ ክሬምና ለእርድ ካፕሱል የሚያወጣው ገንዘብ የሚባክነው ይህ ጠባይ ሲረሳ ነው።

ቀለሙ ኩርኩሚን ይባላል። ፎገልና ፔልቲየ የተባሉ ኬሚስቶች ከሥሩ ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1815 ነው። ደርቆ በተፈጨ እርድ ውስጥ ከ100 ግራም 3 ግራም ያህሉ እሱ ነው፤ እንደ ዝርያው፣ እንደ አደራረቁና መደርደሪያ ላይ እንደቆየበት ጊዜ ከ2 እስከ 5 ግራም ይለያያል። የቀረው ስታርች፣ አሰር፣ ሽታ የሚሰጠው ዘይትና ጥቂት እርጥበት ነው። አንድ ልክክ ያለ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በውስጡ ያለው ኩርኩሚን እንግዲህ 90 ሚሊግራም ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ካፕሱሉ ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ጠባዩን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሦስት ብርጭቆ ያሰልፍ። አንደኛው ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለተኛው ውስጥ ለብ ያለ የጠራ የምግብ ዘይት፣ ሦስተኛው ውስጥ የአመድ ውሃ ወይም ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ይኑር። ለእያንዳንዱ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሮ ማማሰልና ግማሽ ሰዓት መተው ነው። የመጀመሪያው ላይ ዱቄቱ ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚቀረው ውሃ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ዘይቱ ግን ራሱ ወርቅ ይመስላል፤ በጨርቅ ቢጠለልም ቀለሙ አይለየውም። ሦስተኛው እንደ ሸክላ ይቀላል። ሎሚ ሲጨመቅበት ወደ ቢጫው ይመለሳል፤ በቤኪንግ ሶዳ ከሆነ አረፋም ያነሣል። ቢጫው ተመለሰ ማለት ግን ኩርኩሚኑ ሁሉ ተረፈ ማለት አይደለም። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው) 7.2 በሆነና በሰውነታችን ሙቀት ልክ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ 90 በመቶ የሚሆነው በግማሽ ሰዓት እንደሚፈርስ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ኮምጠጥ ባለ ነገር ውስጥ ይሻለዋል። እርጎና ማር የሚስማሙት ለዚህ ነው፤ ሳሙናና ሶዳ የማይስማሙትም ለዚህ።

የአገራችን እርድ በብዛት የሚመረተው በደቡብ ምዕራብ፣ በቴፒና በአካባቢው ነው። ሥሩ ከተቆፈረና ከታጠበ በኋላ እስኪለሰልስ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቀቀላል፣ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ቀን ይደርቃል። መቀቀሉ ስታርቹን ያበስለዋል፣ ቀለሙን በሥሩ ውስጥ እኩል ያዳርሰዋል፣ ማድረቂያ ጊዜውንም ያሳጥራል። ገበያ ላይ ያልተፈጨውን መግዛት የሚሻለው ይህን ሁሉ በእጅ መመርመር ስለሚቻል ነው። በደንብ የደረቀ እርድ ሲሰብሩት ቀጭ ይላል፤ ከታጠፈ እርጥበት አለው፣ በተለይ በክረምት ጣና ዳር ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ይሻግታል። የተሰበረው ሆዱ ጠቆር ያለ ብርቱካናማ ሊሆን ይገባል። ከላይ ደምቆ ከውስጥ የገረጣ ከሆነ ወይም ደረቁን በእጅ ሲያሹት ደማቅ ቢጫ ዱቄት የሚለቅ ከሆነ መተው ነው። የተፈጨውን መግዛት ግድ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ፕላስቲክ ታሥሮ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከዋለው ሳይሆን ከጆንያው ውስጥ ይሁን።

ይህን ያህል የምንጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ባንግላዴሽ ውስጥ ነጋዴዎች የገረጣ እርድ እንዲደምቅ ሌድ ክሮሜት በተባለ፣ እርሳስ ባለበት የፋብሪካ ቀለም ያሹት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አጋልጧል። እርሳስ የልጅ አእምሮ የሚጎዳ ብረት ነው፤ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ደኅና የሚባል መጠን የለውም። የዚያ አገር መንግሥት ነጋዴዎችን ቀጥቶ፣ ሕዝቡንም አስተምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ድርጊቱን ከገበያው አጥፍቶታል፤ መቆጣጠር ከተፈለገ ይቻላል ማለት ነው። ውሃ ውስጥ በትኖ መመልከት፣ በመዳፍ ማሸት የመሰለው የቤት ፍተሻ ጉልህ ማጭበርበርን ቢያሳይ እንጂ እርሳስ አለመኖሩን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

አፈጫጩ ላይ አንድ ነገር አደራ። ለምግብ የሚሆነው እርድ የትም ወፍጮ ቤት ቢፈጭ ችግር የለውም። ለፊት የሚሆነው ግን በርበሬ የተፈጨበት ወፍጮ ውስጥ መግባት የለበትም። ድንጋዩ ላይ የቀረው የበርበሬ ርዝራዥ ለወጥ አይታወቅም፤ ፊት ላይ ግን ያቃጥላል፣ ዓይን አጠገብ ከደረሰማ ያስለቅሳል። ከዚያ «እርድ አይስማማኝም» ይባላል። ለቆዳ የሚሆነውን ቤት ውስጥ በንጹሕ ሙቀጫ ሰባብሮ፣ ቅመም በማያውቅ የቡና መፍጫ አድቅቆ፣ በሻሽ መንፋት ነው። ሻሹ ላይ የቀረው ሸካራ ለድስት ይሁን።

ማድ ቤት ውስጥ እርድን በትክክል የሚይዘው የእናቶቻችን ቅቤ አነጣጠር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ እየተንጨረጨረ ሳለ ሙቀቱ ከዚያ ብዙም አይዘልም። መንጨርጨሩ ጸጥ ሲል ግን ሙቀቱ በፍጥነት ይወጣል፣ ድስቱ ሥር የተኛ ቅመም ያርራል። እርድ ደቃቅ ስለሆነ ቀድሞ የሚያርረው እሱ ነው፤ ቅቤው ይመርራል፣ መልኩም ይጠቁራል። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ቅቤ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማውና አብሹ ገብተው አረፋው ከተገፈፈ በኋላ፣ መንጨርጨሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሮ በ5 ደቂቃ ውስጥ ማውረድ ነው። ቀለሙ ወደ ቅቤው ለመግባት ከዚያ በላይ ጊዜ አይፈልግም። ማሰሮው ግልጽ ብርጭቆ ከሆነ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ።

ለአልጫም ያው ነው። እርዱን ከውሃው ጋር ገና ከመጀመሪያው ጨምሮ ማንተክተክ ቀለሙን ያባክናል፤ ማብሰል ብቻ ከኩርኩሚኑ ሩብ እስከ ግማሽ ያህሉን እንደሚያሳጣ ተለክቷል። ክኩ ከበሰለ በኋላ እርዱን በአንድ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ለብ አድርጎ መጨመር ይሻላል። ለስድስት ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ከገባ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 15 ሚሊግራም ገደማ ነው። ትንሽ ነው፤ በዚህ መጠን መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው አይታመን። ምግብነቱ ግን ይጥማል፣ ደኅናም ነው።

ወደ ቆዳ እንምጣ። ኩርኩሚን ብግነትን የሚያበርድ ጠባይ አለው፤ በላቦራቶሪ ደጋግሞ ታይቷል፣ ሰው ቆዳ ላይ ግን ማስረጃው ገና ቀጭን ነው፤ ቀለሙ በራሱ ቆዳን አልፎ ለመግባት ስለሚቸገር የላይኛው ሽፋን ላይ ተቀምጦ ያቀልማል እንጂ ብዙ አይዘልቅም። ስለዚህ የእርድ ቅብ ደረቅ፣ ትንሽ የተቆጣ ቆዳን ያለሰልሳል ቢባል ትክክል ነው፤ ለስላሳነቱም በአብዛኛው የእርጎውና የማሩ ሥራ ነው። ማዲያት ያጠፋል፣ ጠባሳ ይነቅላል ማለት ከዕውቀት የራቀ ነው።

መቀባት ለሚፈልግ ልኩ ይኸውና። አንድ የሾርባ ማንኪያ ከተፈላ ወተት የተሠራ ትኩስ እርጎ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ የተነፋ እርድ። ከሩብ በላይ መጨመር ጥቅሙን አያበዛውም፤ ፊትን ለሁለት ቀን ቢጫ ማድረግ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ክንድ ላይ ከውስጥ በኩል፣ የአንድ ብር ሳንቲም በሚያህል ቦታ ተቀብቶ ይታጠብና ለ2 ቀን ይታይ፤ እርድ አለርጂ የሚያስነሳባቸው ሰዎች አሉ፣ እሱም ብዙ ጊዜ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው የሚወጣው። ካላሳከከና ካልቀላ ፊት ላይ በስሱ ተቀብቶ 10 ደቂቃ ይቆያል፤ እስኪደርቅና እስኪሰነጠቅ መጠበቅ ቆዳን ማድረቅ ነው። ሲነሣ ወዲያው በሳሙና አይታጠብም፤ ቀልቶ ይቀራል። ለብ ባለ ውሃ አለቅልቆ፣ የተረፈውን ቢጫ ጥቂት ዘይት በነካ ጥጥ ጠርጎ፣ ከዚያ ለስላሳ ማጠቢያ ማስከተል ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል።

ሰዓቱ ማታ ነው። ይህን አጥብቀን እንላለን። ኩርኩሚን ብርሃን ሲያርፍበት ይፈርሳል፣ ሲፈርስም ቆዳን ሊያስቆጡ የሚችሉ ነገሮች ይፈጥራል። በዚያ ላይ የኛ ፀሐይ አለ። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱን 10 በመቶ ያህል ይጨምረዋል፣ ባሕር ዳር ደግሞ ከምድር ወገብ ሩቅ አይደለችም፤ ሐይቁ ዳር ሲቀመጡ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ብቻ ፀሐዩ ቀላል ይመስላል። ማዲያትን የሚያመጣውና የሚያባብሰው ከሆርሞን ጋር ይኸው ብርሃን ነው። ለማዲያት እርድ ገዝቶ ያለ ባርኔጣና ያለ ፀሐይ መከላከያ ቀትር ላይ መውጣት ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሰፊ ባርኔጣው ይገዛ።

ሎሚ አብሮ የመጨመር ልማድ ይቁም። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ሲድን ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። የኛ ዓይነት ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ማንኛውም ቁጣ፣ ማሳከክም ይሁን በሸካራ ዱቄት መፋቅ፣ ሲድን ይጠቁራል። «ፊቴ ይጥራ» ብሎ እርድና ስኳር ደባልቆ የሚፈትግ ሰው ሊያጠፋው የፈለገውን ጥቁረት ራሱ ያመጣዋል። የተከፈተ ቁስል፣ የፈነዳ ብጉር፣ ቃጠሎ ላይም ዱቄት አይነሰነስም፤ እርድ አፈር ውስጥ ያደገ ሥር ነው፣ ከጀርም የጸዳ አይደለም።

ለተረከዝና ለክርን የሚሆን ዘይት መሥራት ይቻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በ100 ሚሊሊትር የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ተበጥብጦ፣ ዕቃው ትኩስ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፤ ጣት ሊቋቋመው ከሚችለው ትንሽ የበለጠ ሙቀት ይበቃዋል። አድሮ ሲዘቅጥ የጠራው በደረቅ ጨርቅ ይጠለልና በጥቁር ብልቃጥ ይቀመጣል። ጠብታ ውሃ ከገባበት ይበላሻል። በኑግ ዘይትም ይሠራል፤ ግን የኑግ ዘይት ቶሎ ስለሚሸት ከወር በላይ አይቀመጥ። ብጉር የሚያወጣ ፊት ላይ አይቀባም። አንሶላ እንደሚያቀልምም ይታወቅ።

ቤት ውስጥ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ቢጫ ሳሙና አገኛለሁ ብለው እርድ ጨምረው ቀይ ቡናማ ሲወጣባቸው የተሳሳቱ ይመስላቸዋል። አልተሳሳቱም፤ ኮስቲክ ሶዳው ነው። ለግማሽ ኪሎ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ቢገባ ሳሙናው ሲደርቅ ወደ ብርቱካናማ ይጠጋል፣ መስኮት ዳር ከተቀመጠ ደግሞ ይነጣል። በዚያ ሳሙና ውስጥ ኩርኩሚኑ ለቆዳ የሚሠራው ነገር አለ ብሎ መሸጥ ግን አይገባም፤ ቀለም ነው።

የተገዛ ክሬም ላይ የሚታዩ ነገሮች አሉ። በግልጽ ብልቃጥ የተሞላ ቢጫ ሴረም ሱቅ መስኮት ላይ ከሰነበተ ቀለሙ አልቋል። «እርድ አለው» የሚል ነጭ ክሬም ደግሞ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም፤ ቴትራሃይድሮኩርኩሚን የሚባል፣ ከኩርኩሚን የሚሠራ ቀለም አልባ ነገር አለ፣ ብርሃንንም የተሻለ ይቋቋማል። የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ላይ ስሙ መጨረሻ አካባቢ ከሆነ ግን ለስሙ ብቻ የገባ ነው። በጣም የሚያሳስበን ሌላው ነው፦ «የእርድ ክሬም» ተብሎ በሳምንት ውስጥ ፊትን የሚያነጣ ነገር። እርድ ይህን አያደርግም። በሳምንት ያነጣው ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ሊሆን ይችላል። ሲተዉት ፊት ቀልቶ የሚያሳክክና የሚያብጥ ከሆነ፣ ወይም ቆዳው ሳስቶ የደም ሥር ማሳየት ከጀመረ፣ ክሬሙን ከነዕቃው ይዞ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

አሁን ካፕሱሉ። ማሸጊያው ላይ 500 ሚሊግራም፣ 95 በመቶ ኩርኩሚኖይድ (ኩርኩሚንና ዘመዶቹ) ከተባለ ውስጡ ያለው 475 ሚሊግራም ነው። ያን ያህል ለማግኘት ከአምስት የሻይ ማንኪያ ትንሽ የበለጠ እርድ መብላት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ለምግብ ቀለምነት ያስቀመጡት የቀን ጣሪያ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 3 ሚሊግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 180 ሚሊግራም ማለት ነው። አንዲት ካፕሱል ይህን ከሁለት እጥፍ በላይ ታልፈዋለች። «ምግብ ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚለው አባባል ወጥ ውስጥ ላለው እርድ እውነት ነው፤ ለካፕሱል ግን አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ ወደ ደም የሚገባው ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ አንጀት አያሳልፈውም፣ ያለፈውን ጉበት ቶሎ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የሕንድ ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፓይፐሪን ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚገኘው 20 እጥፍ እንደሚያድግ አሳይቷል። ፓይፐሪን የቁንዶ በርበሬ ማቃጠያ ነው፤ 20 ሚሊግራም ለማግኘት ግማሽ ግራም የማይሞላ ቁንዶ በርበሬ፣ ማለትም አንድ ጥሩ ቁንጥር ይበቃል። የካፕሱል ፋብሪካዎችም ከዚያ ወዲህ ፓይፐሪን መጨመር ያዙ። ችግሩ ፓይፐሪን የሚያግደው ጉበት ኩርኩሚንን ብቻ እንዳይለውጥ አይደለም፤ ሌሎች መድኃኒቶችንም ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል፣ የአስም ቴዎፊሊን ደም ውስጥ ከልክ በላይ ሊከማቹ ይችላሉ።

ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። ታይላንድ ውስጥ በ367 የጉልበት ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሙከራ በቀን 1,500 ሚሊግራም ከእርድ ተጣርቶ የወጣ ንጥር (ኤክስትራክት) ለ4 ሳምንት ሕመም በማስታገስ ከአይቡፕሮፌን እንደማያንስ አሳይቷል። ጨጓራቸው አይቡፕሮፌን ለማይችል ሰዎች ሐኪም አማክሮ መሞከር ምክንያታዊ ነው። ለስኳር፣ ለካንሰር፣ ለመርሳት ተብሎ የሚሸጠው ግን እስካሁን ይህን ያህል የቆመ ማስረጃ የለውም፤ የታዘዘን መድኃኒት በእርድ መተካት ነፍስ ያሳጣል።

ካፕሱሉን ጨርሶ መተው ያለባቸው አሉ። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ ሐሞት ጠጠር ያለባቸው (ኩርኩሚን የሐሞት ከረጢትን ያኮማትራል፣ ጠጠሩ መውጫውን ሊዘጋው ይችላል)፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ጉበታቸው የታመመ። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ያቁም። ደም ማነስ ያለባት ሴትም ትጠንቀቅ፤ ኩርኩሚን ብረትን ስለሚይዝ የምትወስደው የብረት ክኒን ላይ እንቅፋት ይሆናል። ወጥ ውስጥ ያለው እርድ ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ ችግር አያመጣም።

ጉበትን የሚነካው ጉዳት ብርቅ ነው፣ ግን አለ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2019 ከእርድ ማሟያዎች ጋር የተያያዙ በርካታ የጉበት ብግነቶችን መዝግባለች፤ የአውስትራሊያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2023 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በብዛት የታየው እንደ ፓይፐሪን ያለ፣ ወደ ደም መግባቱን የሚያሻሽል ነገር በተጨመረባቸው ዓይነቶች ነው። ካፕሱል ጀምሮ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ፣ የሚያቅለሸልሸው፣ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ፣ ሰውነቱን የሚያሳክከው ወይም የዓይኑ ነጭ ቢጫ የሆነ ሰው ያንኑ ቀን ያቁም። ቆዳው ቢጫ የሆነው «እርዱ ወጥቶ ነው» የሚል ሰው ካለ አይስሙት፤ የተዋጠ እርድ ዓይን አያቀልምም፣ ያ የወፍ በሽታ ነው። ጤና ጣቢያ ሲኬድ ብልቃጡ አብሮ ይሂድ፤ የጉበት ምርመራም ይጠየቅ። ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲል ብዙ ሰው እርዱን መድኃኒት አድርጎ ስለማይቆጥረው ሳይናገር ይቀራል፤ ብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ ግን ሐኪሙ ራሱ ያነበዋል።